የደስታው ፕሮግራም በመቱ ስልክ ቤት

የስልክ ቤት ሥራ ስጀምር ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። መቱ ተወልጄ መቱ ያደግሁ ነኝ። አባቴ ጣልያን ከወጣ በኋላ ከአንድ ሹም ጋር ከሸዋ መጥቶ እዚያው የቀረ ወታደር ነው፤ እናቴ የጎሬ ሰው ናት። እቤት አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ እያወራሁ ስላደግሁ በሁለቱም ነው አፌን የፈታሁት። ስልክ ቤቱም የፈለገኝ ለዚሁ ነበር፤ ከሚመጣው ባለጉዳይ ግማሹ አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን ነው የሚያውቀው።

ቤቱ አንዲት ክፍል ነበረች፤ በጣውላ ለሁለት ተከፍላለች። በወዲያ በኩል ባለጉዳይ የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር፣ በወዲህ በኩል መስመር የማገናኝበት ማዞሪያና እኔ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የአለቃዬ ጠረጴዛ። አለቃዬን ጋሼ ነበር የምላቸው። ሚስታቸው ቀደም ብለው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ የቀሩባቸው፣ ዝምታ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ሻይ ይጠጣሉ፤ ሲናገሩም ለሻዩ የሚናገሩ ይመስላሉ።

ዛሬ ሰው «እንዴት አደርሽ» ለማለት ይደውላል። ያኔ ለእንዴት አደርሽ የሚደውል አልነበረም። ሰው ስልክ ቤት የሚመጣው ሲጨንቀው ነው። ሰው ሞቶበት፣ ሰው ታሞበት፣ ወንድሙ ታስሮ፣ ጭነት መኪናው በዴሌ መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ። በዚያ ላይ እኛ አገር ዝናቡ ሲጀምር የሚያቆም አይመስልም፤ ዝናብ ሲሆን ደግሞ መስመሩ እንደ ጋለ ዘይት ይንጫጫል። ባለጉዳዩ እጀታውን ይዞ «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላል እንጂ አይሰማም። ስለዚህ ቃሉን እኔ ከወዲያ ተቀብዬ፣ ቢያስፈልግ ወደ ኦሮምኛ መልሼ፣ ፊቱን እያየሁ እነግረው ነበር። መቱ ውስጥ ስንቱ ሰው «አባትህ አርፈዋል» የሚለውን ቃል የሰማው ከኔ አፍ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ገደማ ሰው ሲያየኝ መደንገጥ ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ከአንዲት ሽንኩርት ሻጭ ፊት ቆምኩና «እትዬ» አልኳት። ዋጋ ልጠይቃት ነው። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝና በእጇ የያዘችው ሚዛን ወደቀ።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም፤ ሽንኩርት ልገዛ ነው» አልኳት።

ሳቀች፤ አጠገቧ ያሉትም ሳቁ። እኔ ግን ሽንኩርቱን ሳልገዛ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ እናቴ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ እንስራውን አንስቼ ውኃ ልቀዳ ወጣሁ። ድካም ነበር፤ ግን የእግር ወይም የወገብ ድካም አይደለም። ዓርብ ዕለት ለአንድ ሰው ነግሬው የወጣሁት ሞት ቅዳሜ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ አብሮኝ ነበር። ሥራውን ልተው እያልኩ አስብ ነበር፤ ማሰቡም ይደክመኝና እተወዋለሁ።

ራዲዮኑን ያመጡት ጋሼ ናቸው። ቤታቸው ገደል ሥር ስለሆነ አልይዝ አላቸው፤ የስልክ ቤቱ ምሰሶ ላይ ሽቦ ቢያስሩለት እንደሚሻል ሰው መከራቸውና በባትሪ የሚሠራውን ራዲዮ በጋቢ ጠቅልለው አምጥተው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። የሚፈልጉት ዜናና መንፈሳዊ መዝሙር ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ እኔና እሳቸው ተረኛ ነበርን፤ ከቅዳሴ መልስ ከፍተው ይተዉታል። በዚያው ነው የደስታውን ፕሮግራም ያገኘነው።

አንድ ሰውና አንዲት ሴት ናቸው የሚያዘጋጁት። አድማጮች ያስደሰታቸውን ነገር ይጽፉላቸዋል፤ እነሱ ያነቡታል፣ ይወያዩበታል፣ ከዚያ ሌላው አድማጭ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ላይ የራሱን ይጨምራል። ሹመትና ሽልማት አትጻፉልን፣ ትንሿን ጻፉልን ይሉ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት አንድ ዘበኛ የላከውን ነው። ለዓመታት የሚጠብቀው ግቢ ውስጥ ያለ የኮክ ዛፍ አፈራ፤ የግቢው እመቤት የመጀመሪያውን ፍሬ ራሷ ቀጥፋ ለሱ ሰጠችው። ያ ነው። ሌላ ነገር የለውም። አዘጋጅዋ አንብባ ስትጨርስ «ጣዕሙ እንዴት ነበር ብዬ ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር» አለች። በሳምንቱ ዘበኛው መልሶ «ጎምዛዛ ነበር» ብሎ ላከ። ሁለቱም በራዲዮን ሳቁ። እኔም ማዞሪያው ላይ ተደፍቼ ሳቅሁ።

ጋሼ አልሳቁም።

«ይሄ ትክክል አይደለም» አሉ። «ሐዘን ነው የሚነገር፤ ሰው እንዲያግዝህ። ደስታ ግን ይደበቃል። ደስታውን አደባባይ ያወጣ ሰው ውሎ አያድርለትም። ዓይን አለ።»

«ታዲያ ልዝጋው ጋሼ?»

«ተይው። ከተከፈተ አይቀር።»

እንደዚያ እያሉ ሁልጊዜ ሰዓቱ ሲደርስ ድምፁን ከፍ የሚያደርጉት እሳቸው ነበሩ። መስኮቱ ወደ መንገድ ስለሆነ መንገደኛው ይቆማል። ቀስ በቀስ ዣንጥላ ይዘው የሚመጡ፣ ለዚሁ ብለው የሚቆሙ ሰዎች አፈራን። ጋሼ «ስልክ ቤት ነው ቲያትር ቤት?» ይላሉ፤ አግዳሚውን ወንበር ግን ወደ በረንዳው ያወጡላቸው ነበር።

ጎሬ ያለው ማዞሪያ ላይ የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች። ቀን ሙሉ ስንነጋገር እንውላለን፤ ተያይተን ግን አናውቅም። ሳሏን አውቀዋለሁ፣ ስትናደድ ትንፋሿ እንዴት እንደሚያጥር አውቀዋለሁ፣ ፊቷን አላውቅም። የኔ ሥራ የሷም ሥራ ነው፤ ከጎሬ ወደኛ የሚመጣውን ሞት የምታቀብለኝ እሷ፣ ከኛ የሚሄደውን የማቀብላት እኔ። አንድ እሑድ መስመሩ ባዶ ሳለ ራዲዮኑን በስልኩ ሰማችው።

«ምንድን ነው ከኋላሽ የሚስቀው?» አለችኝ።

ነገርኳት። እነሱ ጋ ራዲዮ እንደሌለ ነገረችኝ። መከልከሉን ባውቅም መነጋገሪያውን አውልቄ ራዲዮኑ አፍ ላይ አስጠጋሁት። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው የተኙ መሰሉ። ሲያልቅ መነጋገሪያውን መልሼ «ሰማሽ?» አልኳት።

«በዚህ ገመድ እንዲህ ያለ ነገርም ያልፋል ለካ» አለች።

ከዚያ ወዲህ መስመሩ ባዶ በሆነ ቁጥር እሑድ እሑድ እንደዚያው እናደርግ ነበር።

አሁን ወደ አንዲት የዳሪሙ ገጠር ሴት ልምጣ። ባሏ ዓይኑ ላይ ሞራ ወጥቶበት ማየት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። በልጆቻቸው እጅ እየተመራ ቡናው ሥር ይቀመጣል እንጂ አይለቅምም። አዲስ አበባ የቀን ሥራ የሚሠራ የወንድሙ ልጅ መጥቶ ወደዚያው ሆስፒታል ወሰደው። ሴትዮዋ ባሏ ከሄደ ጀምሮ ወሬ አልሰማችም። አንድ ዓርብ ከአዲስ አበባ ማዞሪያ «ለዳሪሙ ሴትዮ እሑድ ጥሪ አለ፣ ትጠብቅ» የሚል ደረሰን። ለገበያተኛ ነግረን ላክንባት።

እሑድ ጠዋት ስንከፍት በረንዳው ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ዝናቡ አበስብሷታል። የተቀቀለ ጎደሬ በኮባ ጠቅልላ ይዛለች፤ አልነካችውም።

«አዴ፣ እናቴ፣ ወደ ውስጥ ይግቡ፣ ይበርድዎታል» አልኳት በኦሮምኛ።

«እዚህ ይሻለኛል ልጄ» አለች። ዓይኗ ከአፌ ላይ አይነሳም። ስለኔ አስቀድመው ነግረዋታል ማለት ነው።

ጥሪው በጠዋት አልመጣም፤ እኩለ ቀንም አለፈ። ብዙ ተጠብቆ የሚመጣ ጥሪ ምን እንደሚይዝ ከልምድ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ቃሉን በልቤ አዘጋጅ ጀመር፤ እንዴት አድርጌ እንደምጀምር፣ የት እንደማቆም። ጋሼም ያወቁ መሰለኝ፤ የሚጠጡትን ሻይ ለሷ አስቀድተው ሰጧት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው በረንዳው ላይ ተሰበሰበ፤ ጋሼ ሰዓቱ ስለደረሰ ራዲዮኑን ከፈቱት። ሴትዮዋ የሰዎቹን ሳቅ እየሰማች «ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም የማደርገው ስለጠፋኝ እየተረጎምኩ ነገርኳት። አንዲት ሴት ከተኳረፈቻት እህቷ ጋር በአንድ ዣንጥላ ስለ መሄዷ ነበር።

«ሰዎቹ ይህን ለማን ነው የሚነግሩት?» አለች።

«ለሚሰማ ሁሉ።»

ራሷን ነቀነቀች። በዚያው ቅጽበት ማዞሪያው ጮኸ። አዲስ አበባ ነው።

የወንድሙ ልጅ ድምፅ በንጫጫታው ውስጥ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ሴትዮዋ ከጣውላው ወዲያ ቆማ የጣውላውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛለች። «ቀስ ብለህ ተናገር» አልኩት። ደገመው። መርዶ ስጠብቅ ስለነበር ቃሉን ሰምቼም ወዲያው አላመንኩም። «እስኪ አንዴ ድገምልኝ ወንድሜ» አልኩት። ደገመልኝ።

ቀና ብዬ «አርጌራ» አልኳት። አይቷል ማለት ነው።

ሴትዮዋ አልገባትም። ከኔ አፍ የጠበቀችው ሌላ ቃል ነው።

«አርጌራ፣ አዴ! ፋሻውን ፈትተውለት አይቷል። አጠገቡ የቆመውን የወንድሙን ልጅ ፂም አወጣህ ብሎታል። እርስዎን ደግሞ፣ ንገሯት፣ ስመጣ አርጅታ እንደሆነ አያለሁ፣ ይላል።»

«ድገሚልኝ» አለች።

ደገምኩላት። እንደገና «ድገሚልኝ» አለች። ስንት ጊዜ እንዳልኩላት አላውቅም። በመጨረሻ መነጋገሪያውን በጣውላው ላይ አሳልፌ ሰጠኋትና እሷ ራሷ ጮኸችበት፤ እዚያ ያለው ይስማት አይስማት እንጃ። ጥሪው ተቋረጠ። ያን ጊዜ እጇን አፏ ላይ ጭና መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ከዚያም ድምፅ አወጣች። ልቅሶ ይሁን እልልታ የሚለይ አልነበረም። ከስልክ ቤት ጩኸት ሲሰሙ የጎረቤት ሴቶች እንደ ልማዳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ። በረንዳው ላይ ያለው ሰው ጉዳዩን ሲነግራቸው ነጠላቸውን እንደተዘቀዘቀ ረስተው እልል አሉ። በመቱ ስልክ ቤት ደጃፍ እልልታ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሴትዮዋ ዓይኗን ጠርጋ ተነሳችና ወደ ራዲዮኑ ጠቆመች።

«ለነዚያ ሰዎች ደውይልኝ» አለችኝ።

«አዴ፣ እነሱ በፖስታ ነው የሚቀበሉት። የሚሉትን ይንገሩኝና እጽፍልዎታለሁ።»

«ፖስታው ስንት ቀን ይፈጅበታል?»

«ጎሬ ሄዶ አውሮፕላን እስኪጠብቅ... ይቆያል።»

«እስከዚያማ ደስታዬ ይበርዳል» አለች። «ትኩሱን ነው የምፈልገው።»

ጋሼን አየኋቸው። ደስታ አይነገርም ያሉት ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ጥሪ ደግሞ ከሥራ ሊያስወጣቸው ይችላል። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ፣ ከወንበራቸው ተነሱ፣ እኔን በትከሻቸው ገፋ አድርገው ማዞሪያው ፊት ተቀመጡ። አዲስ አበባን በሥልጣን ድምፅ ጠርተው «ከኢሉባቦር፣ ከመቱ ነው። ራዲዮ ጣቢያውን፣ አሁኑኑ» አሉ። አስቸኳይ የመንግሥት ጉዳይ የመሰላቸው ሳይሆን አይቀርም፤ ቶሎ አገናኙን። መጀመሪያ አንድ ዘበኛ አነሳው፣ ቀጥሎ አንድ የተቆጣ ሰው፤ ጋሼ አልለቀቁም። በመጨረሻ በራዲዮን ሙዚቃ ተለቆ ሳለ ያቺው የደስታው ፕሮግራም አዘጋጅ ራሷ መጣች። ጋሼ ያን ጊዜ መነጋገሪያውን ለኔ ሰጡኝ።

በስልክ የሚነገረውን በቀጥታ ማስተላለፍ እንደማይችሉ ነገረችን። «ግን ንገሩኝ፣ ልጻፈው» አለች። ሴትዮዋ በኦሮምኛ ነገረችኝ፣ እኔ በአማርኛ አቀበልኩ። አዘጋጅዋ ጠያቂ ናት፤ «ማየቱን እንደሰሙ ምን አሰቡ?»፣ «ሲመጣ መጀመሪያ ምን እንዲያይ ይፈልጋሉ?» ትላለች። የዳሪሙዋ ሴት «ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ የተወለደች ጊደር አለች፤ መልኳን ነግሬው አያምነኝም። እሷን» አለች።

ሙዚቃው አለቀ። አዘጋጅዋ በራዲዮን «አሁን ከመቱ በስልክ የደረሰን» ብላ ስትጀምር በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። አንብባ ጨረሰች። አብሯት የሚያዘጋጀው ሰው «ለዛሬ ከዚህ በላይ ማንበብ አይገባንም» አለ። እኔ ለሴትዮዋ ስተረጉምላት ቆየሁና ሲያልቅ «ደስ አለዎት?» አልኳት።

«ጊደሯን ዘለለቻት» አለች ቅር ብሏት።

እውነትም ዘላታለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀችና ጎደሬዋን ፈታ ለያንዳንዳችን ቆረሰችልን። ጋሼ ድርሻቸውን ተቀብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በሉ። ስትሄድ እጄን ይዛ «ገለቶሚ» አለችኝ። ሰው በሥራዬ ሲያመሰግነኝ እምብዛም አላውቅም ነበርና አንገቴን ደፋሁ።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ጥሪ ሞት ነበር። ከያዮ በኩል፣ ማር ሊቆርጥ ዛፍ ላይ ወጥቶ የወደቀ ሰው። ለሚስቱ ነገርኳት። ማክሰኞም ሌላ ነበር። ይህን የምጽፈው ራዲዮኑ ሁሉን ያስተካከለው እንዳይመስል ነው። አላስተካከለም። የሞተው አልተነሣም፣ የታሰረው አልተፈታም። የመጣ ለውጥ ቢኖር አንድ ነው፦ ሰው ወደኛ ደጃፍ በሌላም ምክንያት መምጣት ጀመረ። ልብስ ሰፊው ምጥ ላይ የነበረችው ሚስቱ በሰላም መገላገሏን ለአማቱ ለመንገር ብቻ ደወለ። የበዴሌው ሹፌር ደህና መግባቱን የሚነግርበት ሰው አጥቶ ለኔ ነገረኝ። እሑድ በረንዳው ላይ ሰዎቹ ራዲዮኑ እስኪከፈት ድረስ የራሳቸውን ይነጋገሩ ነበር። ልጇ የሞተችባት አንዲት ሴትም ትመጣለች። «እኔ የምናገረው የለኝም፤ ሌላው ሲናገር ልስማ» ትላለች፤ ማንም ተናገሪ አላላትም።

ጎሬ ያለችው ጓደኛዬ አንድ ቀን «አንቺስ? የአንቺን መች ነው የምትልኪው?» አለችኝ። ፈለግሁ። እውነቴን ነው፣ ተቀምጬ ፈለግሁ። ያጣሁት ደስታ ስለሌለ አይመስለኝም፤ ጎንበስ ብዬ የማነሳበት አቅም ስለሌለኝ ነው። «እያሰብኩ ነው» አልኳት። ከዚያ ደግማ አልጠየቀችኝም።

ዋናው ዝናብ ሲያባራ፣ አንድ የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ ከዚያችው ከዳሪሙዋ ሴት ጋር ገባ። መነጽር አድርጓል። አግዳሚው ላይ አልተቀመጠም፤ በቀጥታ ወደ ጣውላው መጥቶ ቆመ። ሴትዮዋ «ይቺ ናት» አለችው። ሰላም ይለኛል ብዬ ተነሳሁ። እሱ ግን ሳይናገር ቆሞ ያየኝ ጀመር፤ ሳያፍር፣ ሳይቸኩል፣ አንድ ነገር በደንብ ማየት እንደናፈቀ ሰው። ሁሉም ሰው ድምፄን ነበር የሚያውቀው። አፌን ነበር የሚያዩት፣ ምን ይወጣ ይሆን እያሉ። ፊቴን እንዲያ ያየው ሰው ትዝ አይለኝም።

«ልጄ» አለኝ በኦሮምኛ፣ «ደክሞሻል።»

ደህና ነኝ ልል ነበር። አፌን ስከፍት እንባ መጣ። ማዞሪያው መጮህ ጀመረ፤ እጄን ወደ ገመዱ ስዘረጋ ጋሼ እጄን ያዙት።

«ተይው» አሉ። «እኔ እቀመጣለሁ። ሂጂ፣ ተኚ። ነገም እንዳትመጪ።»

«ጋሼ፣ ተረኛ እኮ ነኝ—»

«ሂጂ ብያለሁ።»

ሽማግሌውና ሚስቱ እስከ ሰፈሬ ድረስ ሸኙኝ። መንገድ ላይ እሱ ያየውን ሁሉ እየቆመ ይጠይቃል፤ ይህ ቆርቆሮ ቤት መች ተሠራ፣ ይህች ዛፍ መቼ ተቆረጠች። ሚስቱ «ሁሉን አንድ ቀን ልታይ ነው?» ትለዋለች። «ጊደሯስ?» ስለው «እውነቷን ነው፣ ዳማ ናት» አለኝ። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ጋደም አልኩ። ስነቃ በማግስቱ ረፋድ ላይ ነበር፤ እናቴ ደጅ ከጎረቤት ጋር ቀስ ብላ ታወራለች፣ ዝናብ የለም። ከዚያ ጋሼ የበላይ አለቆችን ለምነው አንዲት ሌላ ልጅ አስቀጠሩልኝና በፈረቃ መሥራት ጀመርን።

ሥራውን ወዲያው አልተውኩም፤ እስካገባ ድረስ ሠርቼበታለሁ። የደስታው ፕሮግራም ግን ከዚያ ብዙ አልቆየም። አንድ እሑድ ስንከፍተው በቦታው የእርሻ ትምህርት ነበር። ለምን እንደቀረ ማንም አልነገረን። በረንዳው ላይ የነበሩት ሰዎች ስለ በሬ ሕመም እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙና ወደየቤታቸው ሄዱ። በሳምንቱ ጥቂቶቹ መጡ። ጋሼ አግዳሚውን ወንበር አውጥተውላቸው ራዲዮኑን ዘጉትና እነሱ ሲያወሩ ብርጭቋቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።